ለወደፊት ሥራ የሚስማማ የትምህርት ዘርፍ ስለ መምረጥ
(ለነጋዴ ወላጆችና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ ትምህርት)

አንድ ነጋዴ ዕቃ ከማስመጣቱ በፊት ገበያውን ይጠይቃል፤ ዋጋውን ያመዛዝናል፤ ዕቃው ሳይሸጥ ቢቀር የሚደርስበትን ኪሣራ አስቀድሞ ያሰላል። የልጁ የትምህርት ዘርፍ በሚመረጥበት ጊዜ ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙውን ጊዜ ይዘነጋል። ተማሪው ከአሥረኛ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲዛወር ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ምርጫው በአንድ ቀን ተጽፎ ያልቃል፤ ፍሬው ግን የሚለቀመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ክቡራን አባሎቻችን ከልጆቻቸው ጋር እንዲመክሩበት ይህን አጭር ትምህርት አዘጋጅተናል።

1ኛ፤ ሁለቱ ዘርፎች ምን ይዘዋል?

የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ዋና ዋና ትምህርቶች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ናቸው። ወደ ሕክምና፣ ወደ መድኃኒት ቅመማ፣ ወደ ምሕንድስናና ወደ እርሻ ሳይንስ የሚወስደው መንገድ ይህ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ደግሞ ጂኦግራፊን፣ ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ይዞ ወደ ሒሳብ አያያዝ፣ ወደ ሥራ አመራር፣ ወደ ኢኮኖሚክስና ወደ ሕግ ያመራል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ግን በሁለቱም ዘርፎች ይሰጣሉ፤ በሁለቱም ይፈተናሉ።

የመመለሻው መንገድ ከሁለቱም ወገን እኩል አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ፊዚክስና ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ኋላ ሒሳብ አያያዝን ቢማር መሠረት አያጣም። እነዚህን ትምህርቶች በአሥረኛ ክፍል የተወ ሰው ግን ከዓመታት በኋላ መሐንዲስ ልሁን ቢል ከመጀመሪያው መነሣት ይኖርበታል። ይህ ማለት ግን ሁሉም ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግባ ማለት አይደለም፤ የሚተወውን ነገር ዐውቆ ይተወው ማለት ነው።

2ኛ፤ ከሒሳብ የሚሸሸግ የለም

«ሒሳብ ስለማልወድ ማኅበራዊ ሳይንስ እገባለሁ» የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ንግድን የሚያስብ ልጅ ይህን ሲናገር ከተሰማ ወላጁ በጊዜው ሊያርመው ይገባል። ለምሳሌ ያህል ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በ1,150 ብር የተሸጠ ዕቃ አለ እንበል። ታክሱ 15 በመቶ ከሆነ ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የታክሱ ድርሻ ምን ያህል ነው? ብዙ ሰው 172 ብር ከ50 ሳንቲም ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ ግን 150 ብር ነው፤ ምክንያቱም ታክሱ የተሰላው በ1,000 ብሩ ዋጋ ላይ እንጂ በጠቅላላው ላይ አይደለም። በአንድ ዕቃ 22 ብር ከ50 ሳንቲም የተሳሳተ ሰው በሺሕ ዕቃ 22,500 ብር ይሳሳታል።

እንግሊዝኛም እንደዚሁ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በዚህ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ቋንቋው የደከመበት ተማሪ ፊዚክሱም ታሪኩም ይደክምበታል። ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴም ውሉን በሌላ ሰው ዐይን እያነበበ ሊኖር አይገባውም።

3ኛ፤ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ትምህርቱ መመለስ

የተሻለው ዘዴ የትምህርቱን ስም ይዞ ሥራ መፈለግ ሳይሆን፣ ሥራውን አስቀድሞ አይቶ የሚጠይቀውን ትምህርት መቍጠር ነው። የቆዳ ፋብሪካን እንመልከት። ጥሬውን ቆዳ ወደ ለፋ ቆዳ የሚለውጠው ኬሚስትሪ ነው፤ የክሮም ጨው መጠኑ ቢዛባ ቆዳው ይበላሻል፤ ፍሳሹም ሳይጣራ ቢለቀቅ ወንዝ ይበክላል። እንግዲህ የቆዳ ነጋዴ ልጅ ተፈጥሮ ሳይንስን ቢመርጥ ከአባቱ ሥራ ሸሸ ሊባል አይገባውም። ቡና ላኪም እንዲሁ ሁለቱንም ዕውቀት ይፈልጋል። የቡናው እርጥበት ከልክ በላይ ሲሆን በመጋዘን ይሻግታል፤ ይህ የሳይንስ ጉዳይ ነው። የምንዛሪውንና የዓለም ገበያውን ዋጋ መከታተል ደግሞ የኢኮኖሚክስ ጉዳይ ነው።

በሌላ በኩል ማኅበራዊ ሳይንስን እንደ ደካሞች መጠለያ መቍጠር ጊዜው ያለፈበት አስተሳሰብ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት ዐዋጅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያቀርቡ ያዛል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራውን ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የተማረ የሒሳብ ዐዋቂ፣ የሕግ ዐዋቂና የኢኮኖሚ ዐዋቂ የሚጠይቁ ናቸው።

4ኛ፤ ምርጫን የሚያሳስቱ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ወሬን መከተል ነው። ከ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ አንሥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ከ100 ተማሪ 70ውን በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ውን በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲቀበሉ መመሪያ ወጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ተማሪዎች ዝንባሌያቸውን ሳይሆን የቦታውን ብዛት አይተው መረጡ። ሁለተኛው የወላጅ ምኞት ነው፤ አንዱ «ሐኪም ካልሆንክ» ይላል፤ ሌላው «ሱቁን ማን ይረከባል» ይላል፤ የሴት ልጅ ምርጫ ደግሞ ጭራሽ ሳትጠየቅ ይወሰናል። ሦስተኛው ጓደኛን ተከትሎ መግባት ነው።

የስሕተቱ ዋጋ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ከፍ እያለ ቢመጣም አብዛኛው ተፈታኝ አሁንም ከመስመሩ በታች ነው። የዚህ ምክንያት የዘርፍ ምርጫ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን የማይችለውንና የማይወደውን ትምህርት ለሁለት ዓመት የተሸከመ ልጅ ከዚህ መስመር የማለፍ ዕድሉ የጠበበ መሆኑ ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል።

5ኛ፤ ምርጫው እንዴት ይደረግ?

ሀ) የልጁን የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ውጤት በየትምህርቱ አስቀምጡ። አማካዩን ብቻ አትዩ፤ በየትኛው ትምህርት ውጤቱ ከፍ እያለ፣ በየትኛው እየወረደ እንደ መጣ ተመልከቱ።

ለ) ልጁ ሊሠራቸው የሚወዳቸውን ሦስት ሥራዎች ራሱ ይጻፍ፤ በየአንዳንዱም አንጻር የሚያስፈልገውን ትምህርት ያስፍር። ሦስቱም ወደ አንድ ዘርፍ ካመሩ ምርጫው ቀለለ ማለት ነው። ከተለያዩ ግን ብዙ በር ክፍት የሚተውለትን ያስብ።

ሐ) በክረምቱ ዕረፍት ልጁን ሁለት ሳምንት በሱቅ ወይም በመጋዘን፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ በሚመኘው ሥራ ላይ ባለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ዘንድ አውሉት። የሥራውን ስም የወደደ ሁሉ የሥራውን ውሎ ይወዳል ማለት አይደለምና።

መ) የቴክኒክና ሙያ ትምህርትን ከዝርዝሩ አታውጡ። ማሽን የሚጠግን፣ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ፣ ብረት የሚበይድ ባለሙያ ማጣት ምን ያህል ሥራ እንደሚያስፈታ ፋብሪካ ያለው አባል ሁሉ ያውቀዋል።

ሠ) የመጨረሻውን ቃል ልጁ ይናገር። ወላጅ ያየውን ይንገር፤ የገንዘብ ዐቅሙንም ሳይደብቅ ያስረዳ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚያጠናው ልጁ ነው።

የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1943 በተከፈተበት ዘመን ትምህርት ቤቱን መምረጥ ሙያውን እንደ መምረጥ ይቈጠር ነበር። የዛሬው ዘርፍ ግን ሰፊ ነው፤ ብቻውን ሙያ አይሰጥም። ደረሰኝ መቍረጥን፣ መዝገብ መያዝን፣ ደንበኛን በትሕትና ማነጋገርን ልጁ የሚማረው ከቤቱና ከወላጁ የሥራ ቦታ ነው። ይህንም ማስተማር፣ የትኛውንም ዘርፍ ቢመርጥ፣ የወላጁ ድርሻ ነው።