ዋሻ ከመቆፈሩ በፊት

ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ብረቱንና ሲሚንቶውን መርጦ ያዝዛል፤ ጥንካሬውንም አስመርምሮ ይረከባል። ዋሻ ለሚቆፍር ግን ዋናው የግንባታ ዕቃ ተራራው ራሱ ነው። ተራራ ደግሞ እንዳለ የሚወሰድ እንጂ የሚመረጥ አይደለም። ውስጡ ጠንካራ ይሁን የተፈረካከሰ፣ ደረቅ ይሁን ውሃ ያዘለ አስቀድሞ ለማወቅ የሚጥረው ሙያ የምሕንድስና ጂኦሎጂ ይባላል።

ሥራው በእግር ይጀመራል። ባለሙያው ገደሉንና ሸለቆውን እየዞረ አለቱ የት እንደተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ወዴት እንዳዘነበለ፣ ምንጭ ከየት እንደሚፈልቅ ካርታ ላይ ያሰፍራል። ቀጥሎ መሬቱ ይቦረቦርና ዱላ የመሰለ የአለት ናሙና ይወጣል። ከ1 ሜትር ናሙና ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚረዝሙት ቁራጮች ተደምረው 90 ሴንቲ ሜትር ከሞሉ አለቱ እጅግ ጥሩ ነው። ድምሩ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን በጣም ደካማ ነው፤ እንዲህ ያለው ቦታ ፈጥኖ ካልተደገፈ ይናዳል።

ይሁንና ጥቂት ጉድጓዶች ስለ ረጅም ዋሻ ሁሉን አይናገሩም። ለዚህ ከግልገል ጊቤ ሁለት የውሃ ኃይል ማመንጫ ዋሻ የበለጠ አስተማሪ አላውቅም። ከግልገል ጊቤ አንድ ማመንጫ የሚወጣውን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በተራራ ሆድ አሻግሮ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርዳል፤ ጣቢያው 420 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ተራራው የእሳተ ገሞራ ሥሪት ሲሆን ስብራት ይበዛበታል። ስብራት ማለት የመሬት ቅርፊት ተንሸራቶ የተፋጨበት ቦታ ነው፤ አለቱ እዚያ እንደ ዱቄት ይደቃል፣ ውሃ ሲገባበትም ሊጥ ይሆናል። ይህ ሊጥ በተራራው ክብደት ታፍኖ ይኖራል፤ ቁፋሮ ሲደርስበት መውጫ ያገኛል።

በ1999 ዓ.ም መጀመሪያ የሆነውም ይኸው ነው። ጭቃው በከፍተኛ ግፊት መጥቶ ግዙፉን የመቆፈሪያ ማሽን ወደ ኋላ ገፋው። ማለፊያ ዋሻ መቆፈር ግድ ሆነ፤ ሥራውም እጅግ ዘገየ። ጣቢያው ጥር 2002 ዓ.ም በተመረቀ በሁለት ሳምንት ገደማ ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ኃይል ማመንጨት የቀጠለው በ2003 ዓ.ም ነው።

ስለዚህ ምርመራው ቁፋሮ ሲጀመር አያበቃም። ከማሽኑ ፊት ፊት ቀጭን ጉድጓድ እየቦረቦሩ መሄድ፣ የታፈነውን ውሃ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ የላላውን አለት በሲሚንቶ ማጠንከር ያስፈልጋል። በስዊዘርላንድ፣ 57 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጎታርድ የባቡር ዋሻ መስመር ላይ፣ ፒዮራ የተባለው ስፍራ ዶሎማይት በተባለው፣ እንደ ስኳር በሚፈርሰው አለቱ ይፈራ ነበር። ቀድመው ሲቦረቡሩ ግን በዋሻው ጥልቀት ላይ አለቱ ጠንካራና ደረቅ ሆኖ አገኙት፤ ማሽኑም በሰላም አለፈ።

የዋሻ በጀት የምታጸድቁ ሁሉ፣ ለቅድመ ምርመራ የተያዘውን ገንዘብ እባካችሁ አትንኩት።