ላሟን መሸጥ ይሻላል ወይስ ማለብ?

በአቃቂ ቃሊቲ ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ጎረቤታሞች ናቸው። ብዙ ጊዜ አባት ያርሳል፤ ልጅ ፋብሪካ ይገባል። ስለዚህ የሠራተኛው ጡረታ የገበሬውም ቤት ጉዳይ ነው።

አንድ አባት ልጃቸውን እንዲህ አሉት እንበል፦

«ልጄ፣ የተጠራቀመልህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀበልና በሬ እንግዛበት። ግብርም የለበትም አሉ።»

ልጁም መለሰ፦ «አባዬ፣ ላሟን ብንሸጣት ገንዘብ እናገኛለን። ወተቷ ግን በዚያው ይቀራል። እስቲ መጀመሪያ እናስላ።»

ልጁ ልክ ነው። ሁለቱን ለይተን እንወቅ።

አንደኛው ፕሮቪደንት ፈንድ ይባላል። ሠራተኛውና አሠሪው በየወሩ ያዋጣሉ። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር የለም።

ሁለተኛው ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1955 ዓ.ም. ወጣ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የታቀፉት ግን በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ያን ጊዜ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታ እንዲዛወሩ ምርጫ ተሰጣቸው።

በጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን፣ የሠራተኛው 420፣ የአሠሪው 660 ብር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ዕድሜው 60 የሞላና ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ በየወሩ አበል ያገኛል። በ2003ቱ አዋጅ ስሌት፣ ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰባል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ፣ 20 ዓመት የሠራ ሰው በወር 2,550 ብር ያገኛል። እሱ ቢሞት ሚስቱ የአበሉን ግማሽ፣ 1,275 ብር ታገኛለች። ለትናንሽ ልጆቹም ድርሻ አላቸው። በሬው ግን ቢሞት የሚተካው የለም።

ግብሩስ? በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ፣ አሠሪው ለጡረታም ሆነ ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣው ከደመወዙ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ግብር አይከፈልበትም። ስለዚህ በግብር ምክንያት ብቻ አንዱን መምረጥ አይገባም። ደግሞስ ግብር የለበትም ማለት አያልቅም ማለት አይደለም።

ነገር ግን እንጠንቀቅ። 60 ዓመት ሲሞላው አገልግሎቱ ከ10 ዓመት ያነሰ ሰው ወርኃዊ አበል አያገኝም። የሚሰጠው ዳረጎት ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጡረታ የሚዛወር ሰው «የበፊቱ ዓመቶቼ ይቆጠራሉ ወይ?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ ይያዝ። የ2003ቱ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ስለተተካ፣ የዛሬውን ደንብ ከግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር መጠየቅ ነው።

ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው። የልጃችንን የደመወዝ ወረቀት እናንብብ። መዋጮው መቆረጡን ብቻ ሳይሆን ገቢ መደረጉን እናረጋግጥ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የጋብቻና የልደት ማስረጃውን በደኅና ቦታ እናስቀምጥ።

ጥያቄዎች
1. ፕሮቪደንት ፈንድና ጡረታ በምን ይለያያሉ?
2. ደመወዙ 4,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በወር ስንት ብር ለጡረታ ያዋጣል? አሠሪውስ?
3. እናንተ በአባትየው ቦታ ብትሆኑ ልጃችሁን ምን ትመክሩታላችሁ? ተወያዩበት።