የሱቅ ሀብቱ ደጁ ነው



እንደሚታወቀው ከ2016 ዓ.ም ወዲህ «የኮሪደር ልማት» የሚለው ቃል በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በክልል ከተሞችም መነጋገሪያ ሆኗል። በአማራ ክልል እንኳ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ዋና ዋና መንገዶቻቸውን ማስፋትና የእግረኛ መተላለፊያ መሥራት ይዘዋል። ስለ መብራቱና ስለ ንጣፉ ብዙ ይወራል። በመንገዱ ዳር ስለሚነግደው ሰው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፌ አንድ ጥያቄ ላነሣ እወዳለሁ። ለመሆኑ አንድ ዋና መንገድ ሲለወጥ ባለሱቁ የሚያጣው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን «ቤቱን ነዋ!» ብለን እንመልስ ይሆናል። ግማቹም የሚለካው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና በሩን ነው። እኔ ግን የነጋዴ ትልቁ ሀብት ደጁ ነው እላለሁ። ደጅ ስል በፊት ለፊቱ የሚያልፈውን እግር፣ ዓመታት የለመደውን ደንበኛ፣ በዱቤ የሚተማመነውን ጎረቤት ማለቴ ነው። ይህ ሀብት በሜትር አይለካም፤ በመኪና ተጭኖም ወደ ሌላ ሰፈር አይሄድም።

ለዚህ ነገር ላሊበላን የመሰለ አስተማሪ የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሀገር ሀብት ናቸው፤ በዙሪያቸውም ለረጅም ዘመን ሰው ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። በ2001 ዓ.ም የዓለም ባንክ ገንዘብ በፈቀደለት የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት አማካይነት ቅርሱን ለመጠበቅና አካባቢውን ለጎብኚ ለማመቻቸት ሲባል፣ በዙሪያው የነበሩ ሰፈሮች ተነሥተው ነዋሪዎቹ ከማዕከሉ ራቅ ብሎ ወደሚገኘው ኩራኩር ተዛወሩ። በእርግጥ ይህ የመንገድ ማስፋት ሥራ አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። በአሮጌው ሰፈር ከበሯ ላይ ሆና ጠላ ወይም የእጅ ሥራ የምትሸጥ እናት ብትኖር፣ ገበያዋ ጎብኚውና ተሳላሚው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ኩራኩር ላይ የተሻለ ቤት ቢሰጣት እንኳ ያ መንገድ አብሯት አልሄደም።

የኋላው ዘመን ደግሞ ይህንኑ በከፋ መልኩ አሳየ። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ገባ። ከዚያም ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም ክረምት ላሊበላ ደረሰ። ከተማይቱም እስከ 2014 ዓ.ም ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። ጥቂት ፋታ ተገኘ ሲባል በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ግድግዳው ያልተነካ ሆቴልና ሱቅ እንኳ የጎብኚው እግር ሲቋረጥ ሥራ ፈታ። እንግዲህ ለላስታ ነጋዴ «ቤትህ ስላልፈረሰ ምን ጎደለህ?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ማን ነው?

የአዲስ አበባ ሰውም ይህን ያውቀዋል። የቀላል ባቡሩ ሥራ ከ2004 ዓ.ም አንስቶ እስከ መስከረም 2008 ዓ.ም መንገዶችን ቆፍሮ ቆይቷል። ካለቀ በኋላም ሐዲዱ በአጥር ስለተከለለ በብዙ ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ቀድሞ በጥቂት እርምጃ ተሻግሮ ይገዛ የነበረ ደንበኛ መሻገሪያ ፍለጋ ዞሮ መሄድ ግድ ሆነበት።

ይህን ስል መንገድ አይለወጥ ማለቴ አይደለም። የተሻለ መንገድ ለንግድም ይበጃል። በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ስትሮየት የተባለው ዋና ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲተው ነጋዴዎቹ «ከሠርን» ብለው ሠግተው ነበር። ዛሬ ጎዳናው ከከተማዋ ዋነኛ የገበያ ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዳሩ ግን ጥቅሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ኪራይና የልጆች ቀለብ ግን በየወሩ ይጠይቃሉ። ትንሹ ነጋዴ እስኪያልፍለት መቆየት ካልቻለ ያማረውን ጎዳና የሚወርሰው ሌላ ሰው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ የንግድና የኪራይ ገቢ መቋረጥን ከካሳ ጉዳዮች ውስጥ አስገብቷል። ስለዚህ ደጁን መቁጠር ለሕጋችን እንግዳ ነገር አይደለም።

በእኛም ታሪክ ትልቅ ትምህርት አለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) የመዲናን መስጅድ ለማስፋት ሲነሡ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት የዐባስ ቤት አጠገቡ ነበር። ዐባስ አልሸጥም አሉ። እንደሚተረከው ሁለቱም ለዳኝነት ኡበይ ኢብኑ ከዕብ ዘንድ ቀረቡ፤ ፍርዱም ለዐባስ ሆነ። ኸሊፋው ፍርዱን ተቀበሉ። ዐባስም መብታቸው ከተከበረ በኋላ ቤቱን ያለ ዋጋ ለሙስሊሞች ሰጡ። መስጅድን ለሚያህል ጉዳይ እንኳ አቤቱታው ከተሰማ፣ ለመንገድማ እንዴት አይሰማ!

ከዚህ አኳያ ለከተማ አስተዳደሮች ሦስት ነገር እመክራለሁ። አንደኛ፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ ይነገር፤ ነጋዴው ዕቃ አራግፎ፣ ዕዳውን ሰብስቦ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይቆፈር፤ በየተራ ይሠራ፣ ወደ ሱቆቹም መግቢያ ይተው። ሦስተኛ፣ ተከራይም ቢሆን በዚያ ደጅ የኖረው ነጋዴ በአዲሱ ሕንፃ ላይ ቅድሚያ ያግኝ።

እኛ ገዢዎችም ድርሻ አለን። ቁፋሮው አስቸግሮን ወደ ሌላ ሰፈር ከመሄዳችን በፊት የለመድነውን ባለሱቅ እናስታውስ፤ ጥቂት አቧራ ችሎ ከእርሱ መግዛት ደጁን ማቆየት ነው። አላህ ከተማዎቻችንን ከነነዋሪዎቻቸው ያሳምርልን።

ወላሁ አዕለም።