ቃላትን ማንበብና ቃላትን ማስታወስ

በሞላሌም ሆነ በሌላው የመንዝ ትምህርት ቤት በአማርኛ ሲማር የቆየ ተማሪ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመማሪያውን ቋንቋ በዚህ መልክ ስለወሰነ፣ የቃላት እጥረት የሳይንስ ትምህርትም ችግር ሆኗል። ብዙዎች የሚወስዱት መፍትሔ የታወቀ ነው፤ በደብተር ግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ጽፎ ደጋግሞ ማንበብ። ይህ ዘዴ ምን ያህል ያዋጣል?

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ቀለማትን ራሱ እያጠና መርሳትን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ዳግም ሲያጠና ከመጀመሪያው ድካሙ የተቆጠበለት ከአንድ ሰዓት በኋላ 44፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34፣ ከ31 ቀን በኋላ 21 በመቶ ያህል ነበር። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ከራዲዮአክቲቭ መፈራረስ ጋር ያመሳስለው ይሆናል፤ ሆኖም እዚህ ቋሚ የግማሽ ዕድሜ የለም። መርሳት መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ኋላ ያዘግማል። ስለሆነም የመጀመሪያው ክለሳ ሳይዘገይ በማግሥቱ፣ ቀጣዮቹ እየተራራቁ ቢደረጉ ይመረጣል።

ክለሳ ስንል ግን ማንበብ ማለታችን አይደለም። ካርፒክና ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር አጠኑ። አንዴ ያስታወሱትንም ቃል መጠየቃቸውን የቀጠሉት ከሳምንት በኋላ 80 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ያንኑ ቃል እያነበቡ መጠየቁን ያቆሙት ግን 40 በመቶ እንኳ አልደረሱም። (የቆሎ ተማሪ ቃል ትምህርቱን በመምህሩ ፊት ያለ መጽሐፍ መወጣቱ ከንቱ ልማድ አልነበረም።) እንግዲህ የደብተሩን የቀኝ ዓምድ በእጅ ሸፍኖ ራስን መጠየቅ ያሻል።

ይሁንና የቀኙ ዓምድ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ‹ፎርስ›፣ ‹ኢነርጂ› እና ‹ፓወር› በብዙ ደብተር ላይ ሦስቱም ‹ኃይል› ተብለው ተጽፈው እናገኛለን። እንዲህ የጻፈ ተማሪ ሦስቱንም ቃላት ያውቃል፤ ጥያቄውን ግን አይሠራም። 50 ኪሎ ግራም ገብስ የያዘ ጆንያ ከመሬት አንድ ሜትር በዝግታ ከፍ ይደረግ እንበል። ጆንያውን ለመሸከም የሚያስፈልገው ‹ፎርስ› 490 ኒውተን ነው፤ ጆንያው ያገኘው ‹ኢነርጂ› 490 ጁል ነው፤ ማንሣቱ ሁለት ሴኮንድ ከፈጀ ‹ፓወሩ› በአማካይ 245 ዋት ይሆናል። ስለዚህ በቀኙ ዓምድ፣ ከአማርኛው ፍቺ አጠገብ፣ መለኪያው እና እንዲህ ያለ አንድ ምሳሌ ይጻፍ፤ ራስን ሲጠይቁም ከፍቺው ጋር መለኪያውን አብሮ መጥራት ነው።