ጳጉሜን ሳታመልጠን

የሜሪላንዷ ግሪንቤልት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌበር ዴይ ፌስቲቫሏን ታከብራለች። ሩዝቬልት ሴንተር አካባቢ ካርኒቫሉ ሲደምቅ የእኛ የኢትዮጵያውያን ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ብቻ ይቀረዋል። አገር ቤት ጸበሉም ዝናቡም የዓመት በዓል ገበያውም ጳጉሜን መግባቷን ይናገራሉ። እዚህ የሚነግረን የለም። ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነው፣ ሥራው አይለቅም፣ ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ስልካችን «እንኳን አደረሳችሁ» በሚሉ መልእክቶች ተሞልቶ እናገኘዋለን። ቤተ ክርስቲያን ግን እነዚህን ጥቂት ቀናት የዳግም ምጽአት ማሰቢያ አድርጋ ሰጥታናለች። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ያለውንም ጊዜ ጎህ፣ ነግህ፣ ጽባሕ፣ ብርሃን፣ መዓልት ብላ ትጠራዋለች። እንዲሁ ሊያልፍ አይገባም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ያዙ

ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ይውላል። የቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ ጳጉሜን 3፣ ሴፕቴምበር 8 ነው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ 2019 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። በፈረቃ የምትሠሩ ደግሞ የሩፋኤልን ቀን ወይም የዓመቱን የመጨረሻ ቀን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ

ይህን ነሐሴ ሳያልቅ አድርጉት። በዚህ አካባቢ ካሉት ካህናት ብዙዎቹ እንደ እኛው በሳምንቱ ቀናት ሥራ ውለው ነው የሚያገለግሉት። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሰው ጫማውን ሲፈልግ በሚጋፋበት ደጅ ላይ ይዞ «አባ፣ አንዴ ላናግርዎት» ማለት ለእሳቸውም ለእናንተም አይመችም። «አባ፣ ዓመቱ ሳይጠባ መናዘዝ እፈልጋለሁ፣ መቼ ይመችዎታል?» ብላችሁ ቀን አስቆርጡ። ንስሐ አባታችሁ አገር ቤት ከሆኑ ቅርብ የሆነ አባት መያዝ እንደሚያስፈልጋችሁ ንገሯቸው፤ ይመርቋችኋል እንጂ አይቀየሙም።

ደረጃ 3፦ ብቻችሁን ተቀመጡ

ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ። በግሪንቤልት ሐይቅ ዙሪያ ያለው መንገድ ከአንድ ማይል ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስልኩን መኪና ውስጥ ትታችሁ አንድ ዙር ሂዱና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ጥያቄው «ጥሩ ሰው ነኝ ወይ?» ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው፣ ሁላችንም ለራሳችን እናዳላለን። ስለዚህ ዓመቱን ከመስከረም ጀምራችሁ ወር በወር አስታውሱት። በገና ሰሞን ከማን ጋር ተጣላሁ? በዐቢይ ጾም ምን ብዬ ተሳልኩ? ስለቴንስ አስገባሁ? የማን ስም ሲነሳ ፊቴ ይለወጣል? ለእናቴ ገንዘብ የምልከው እያሰብኳት ነው ወይስ እያማረርኩ? በሰው ገመና ላይ ስንት ምሽት አወራሁ? ልጆቼ ስጸልይ አይተውኝ ያውቃሉ? ያላችሁን ነገር ሳታሳምሩ፣ «ግን እኮ እሱም» የሚል ማስተባበያ ሳትጨምሩ ጻፉ። ወረቀቱ ለኑዛዜው ማስታወሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀድዳችሁ ጣሉት። በስልክ አትጻፉት፣ ስልክ የቤተሰብ ነው።

ደረጃ 4፦ ታረቁ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው፣ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምለምናችሁ ይህን ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ አባቶቻችን። ጌታም መባችንን በመሠዊያው ፊት ትተን መጀመሪያ ከወንድማችን ጋር እንድንታረቅ አዝዞናል። ስለዚህ ዕርቁ ከኑዛዜው ይቅደም።

ወረቀቱ ላይ ያሉትን ስሞች አውጡና ከቀላሉ ሳይሆን ከከባዱ ጀምሩ። የዕቁብ ብር ያስቀራችሁበት ሰው ካለ ክፈሉ፤ ባንዴ ካልሆነ ግማሹን ይዛችሁ ሂዱ። የምትደውሉት አገር ቤት ላለ ሰው ከሆነ፣ በእኛ እኩለ ቀን በአዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ በምሳ ሰዓታችሁ ደውሉ። በጽሑፍ መልእክት ይቅርታ አትጠይቁ፣ ድምፃችሁን ይስሙት። የምትሉትም አጭር ይሁን፦ «አስቀይሜሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።» ታሪኩን እንደገና ከመጀመሪያው ካነሳችሁት ጠቡም እንደገና ይነሳል። ሰውየው እምቢ ካለ ሽማግሌ ላኩ፤ ዳግመኛም እምቢ ካለ ለንስሐ አባታችሁ ተናገሩ።

«የእኛ ነገር ረጅም ጊዜ ሆኖታል» የሚል ሰው አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሁለቱ ሲኖዶሶች፣ የአገር ቤቱና የስደቱ፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተው ቆይተው የታረቁት ሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ነው፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር አገራቸው ገቡ። በዚያ መለያየት አንዱ የሌላውን ደጅ መርገጥ ያቆሙ ወዳጆች ዛሬ አብረው ያስቀድሳሉ። አባቶች ያንን ከቻሉ በአንድ ሠርግ ጥሪ የተኳረፉ እኅትማማቾች አይችሉም አይባልም።

ደረጃ 5፦ ጳጉሜንን ጹሙ

የጳጉሜን ጾም ጾመ ዮዲት ይባላል። የፈቃድ ጾም ነው፣ ከሰባቱ አጽዋማት አይቆጠርም፤ ረቡዕና ዓርብ ግን እንደ ወትሮው ግዴታ ናቸው። ስኳር ወይም ሌላ ሕመም ያለባችሁ ሐኪማችሁንና ንስሐ አባታችሁን አማክሩ። በሩፋኤል ቀን የአካባቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ ከሆነ ሂዱ። ዝናብ ከጣለ ልጆቹን አስወጧቸው፣ አገር ቤት በዚያ ቀን በዝናቡ የምንጠመቀው ለምን እንደሆነም ንገሯቸው። ማታ መጽሐፈ ጦቢትን አንብቡላቸው፤ 14 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ቅዱስ ሩፋኤልም የጦቢትን ዓይን ሲያበራ ያገኙታል።

ደረጃ 6፦ ተናዘዙ፣ ቁረቡ

በቀጠሯችሁ ቀን ወረቀቱን ይዛችሁ በአካል ሂዱ። ኃጢአታችሁን ተናገሩ እንጂ የሌላውን ሰው ኃጢአት አትናዘዙ። የሚሰጧችሁን ቀኖና ሳትጽፉ አትውጡ፣ ስግደቱም ምጽዋቱም ይረሳል። ሲፈቅዱላችሁ 18 ሰዓት ጾማችሁ ቁረቡ።

ንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ ደረጃ 2 ላይ ቆማችኋል ማለት ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግርግሩ ሲያልፍ፣ ወደ አንድ ካህን ቀርባችሁ «አባ፣ የንስሐ ልጅዎ ያድርጉኝ» በሏቸው።