ከሕመም በኋላ የቤት ዕቃን ማስወገድ፦ የሚቀመጠው፣ የሚሰጠውና የሚጣለው

የኮሮና ቫይረስ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ፣ የታማሚው ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ ሕመማቸው ቀላል የሆነ ሰዎች በየቤታቸው ተለይተው እንዲያገግሙ ተደርጓል። በዚህም ምክንያት ቀድሞ የጤና ተቋማት ብቻ ይመልሱት የነበረ አንድ ጥያቄ ወደ ቤተሰብ ገብቷል። ታማሚው የተኛበት ፍራሽ፣ የተከናነበው ብርድ ልብስ፣ የለበሰው ጋቢ፣ የጠጣበት ኩባያ ምን ይሁን?

በድንጋጤ ላይ ያለ ቤተሰብ ከሁለት ወደ አንዱ ሊያዘነብል ይችላል። አንደኛው ሁሉን ነገር ከግቢ አውጥቶ ማቃጠል ነው። ሁለተኛው ዕቃውን እንዳለ፣ ሳይታጠብ፣ በበር ለሚያልፈው ቆራሌ ወይም ለልዋጭ ነጋዴ ማስረከብ ነው። የመጀመሪያው ለነገ የሚያስፈልግን ንብረት ያለ በቂ ምክንያት ያጠፋል። ሁለተኛው ደግሞ ስጋቱን ከራስ ቤት አንሥቶ ወደማያውቀው ሰው ትከሻ ያሸጋግራል። ሁለቱም የሚመጡት ቫይረሱ በዕቃ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ካለማወቅ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት፣ በመዳብ ላይ ደግሞ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት ግን በላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ በዚያም ላይ የቫይረሱ መጠን ከሰዓት ሰዓት በፍጥነት ይቀንሳል። በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በትንፋሽና በሳል ጠብታ ነው። በዕቃ አማካይነት መተላለፉ የማይቻል ባይሆንም አነስተኛ ነው። እንግዲህ ሦስት ቀን ተለይቶ የተቀመጠና የታጠበ ዕቃ ለእሳት የሚዳርግ ምክንያት የለውም።

ለትምህርት እንዲያመች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። አባወራው በአንደኛው ክፍል ተለይተው አገግመዋል፤ የመለያ ጊዜያቸውም በጤና ባለሙያ ምክር አብቅቷል። እማወራዋ ክፍሉን ከፍተው ሲመለከቱ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሳህንና ኩባያ፣ በፌስታል የተሞላ ሶፍትና ማስክ፣ የተረፈ መድኃኒት ይጠብቃቸዋል። ከዚህም በላይ ክፍሉ ቀድሞውኑ የተጣበበ ስለነበር፣ ከሕመሙ በፊትም የማይፈለጉ አሮጌ ልብሶችና የተሰበረ ሬዲዮ በጥግ ተከማችተዋል። አጋጣሚውን ተጠቅመው ሁሉንም ጠርገው ሊያወጡ ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

የመጀመሪያው ተግባር ግን መጥረግ አይደለም። መስኮት ተከፍቶ ክፍሉ በቂ አየር እንዲያገኝ ይደረጋል። የሚቻል ከሆነ ልብሱና ብርድ ልብሱ ሳይራገፍ በማዳበሪያ ተከትቶ 72 ሰዓት ይቆያል። ማራገፍ አቧራውንና ብናኙን ወደ ፊት ስለሚያመጣ ሊቀር ይገባል። መቆየት የማይችል ቤተሰብ፣ ለምሳሌ ሌላ ብርድ ልብስ የሌለው፣ ማስክና ጓንት አድርጎ ወዲያውኑ ማጠብ ይችላል። ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃና በሳሙና ማጠብ ይመረጣል። ያን ያህል ውኃ ማሞቅ ካልተቻለ ልብሱ በሳሙና ከታጠበ በኋላ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና አንድ እጅ ከ99 እጅ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በዚያ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በረኪና ቀለም እንደሚያለቅቅ መዘንጋት አይገባም፤ ጥለት ላለው የሐበሻ ልብስ ሳሙናና ሦስት ቀን መቆየት ይበቃዋል።

ለወንበሩ፣ ለበር እጀታውና ለጠረጴዛው አንድ ሲኒ በረኪና በ49 ሲኒ ውኃ ይበጠበጣል። ዕቃው አስቀድሞ በሳሙና ይታጠባል፤ ቆሻሻ ያለበትን ዕቃ በበረኪና ብቻ መወልወል ጥቅሙ ትንሽ ነው። ውህዱ 10 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ብረት ነክ የሆነው ሁሉ እንዳይዝግ በውኃ ይለቀለቃል። ውህዱ በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጃል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ፍራሹ ብዙ ጊዜ አከራካሪ የሚሆነው ስለማይታጠብ ነው። ትውከት፣ ደም ወይም ሰገራ ካልነካው ልብሱ ተነሥቶ ይታጠባል፤ ፍራሹም አየርና ፀሐይ በሚያገኝበት ስፍራ ለብቻው ቢያንስ 72 ሰዓት ቆይቶ ለአገልግሎት ይመለሳል። ፈሳሽ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከገባበት መጣሉ ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜም ቢሆን ሊቃጠል አይገባም። የስፖንጅ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌሎች መርዛማ ጋዞች አሉበት፤ የሚተነፍሰውም ሳንባው ገና ያላገገመው ሰውና ጎረቤቱ ነው። በግቢ ውስጥ የሚነድ የታማሚ አልጋ ሌላም ጉዳት አለው። ቤተሰቡን በመንደሩ ፊት ምልክት ያደርግበታል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ጎረቤት ሲያስለው ወደ ምርመራ ከመሄድ ይልቅ መደበቅን ይመርጣል።

ስለሚሰጥ ዕቃ

ታጥቦና ተለይቶ የቆየ ዕቃ ለዘመድ፣ ለነዳያን ወይም ለቆራሌ ሊሰጥ ይችላል። ለቆራሌ የተሰጠ ዕቃ በዚያው አይጠፋም። በአዲስ አበባ ብዙው ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ሄዶ ይጠገናል፣ ይቀጠቀጣል፣ እንደገና ይሸጣል፤ በመካከሉ የሚነካው እጅ ብዙ ነው። ገንዳ ውስጥ የተጣለውም ቢሆን ሰው ይነካዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከክምሩ አጠገብ ቤት ሠርተው የሚኖሩና ከእርሱ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ወገኖች ምን ያህል ብዙ እንደሆኑ አገር ሁሉ አይቷል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ «ጣልሁት» ከማለቱ በፊት ቀጥሎ ማን እንደሚያነሣው መጠየቅ አለበት። እማወራዋ በጥግ ያከማቹት አሮጌ ልብስና ሬዲዮም ታማሚው በተኛበት ክፍል ውስጥ ስለነበረ በዚሁ ሥርዓት ያልፋል። ርክክቡ ከቤት ውጭ፣ ማስክ ተደርጎና ርቀት ተጠብቆ ቢፈጸም ይመረጣል፤ በዚያች ቅጽበት ከልብሱ ይልቅ የሚያሰጋው የሁለቱ ሰዎች ትንፋሽ ነው።

ታማሚው ሕይወቱ አልፎ ከሆነ ጉዳዩ የጽዳት ብቻ አይሆንም። የሟችን ልብስ ለችግረኛ መስጠት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤተሰብ ዘንድ የተከበረ ነገር ነው፤ ወረርሽኙም ይህን የሚከለክልበት ምክንያት የለም። እስከ አርባው ቀን ታጥቦ የተቀመጠ ልብስ ከላይ ከተጠቀሰው የ72 ሰዓት ገደብ እጅግ ያለፈ ነው። የጤና ባለሙያ ኀዘንተኛውን ቤተሰብ «ሁሉን አቃጥሉ» ብሎ ከማዘዝ ሊቆጠብ ይገባል። እናት የልጇን ነጠላ ማስቀረት ከፈለገች ታጥቦ ይቀመጥላታል።

በእርግጥ ስለሚጣለው

ሶፍት፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ማስክ፣ ጓንትና በሰውነት ፈሳሽ የተበከለ ጨርቅ አይሰጥም፣ አይሸጥም። በሁለት ፌስታል ተደራርቦ ይታሰራል፤ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ 72 ሰዓት ቆይቶ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ይሰጣል። ሲሰጥም ምን እንደሆነ በግልጽ ይነገራል። የማስኩ ማሰሪያ አስቀድሞ ቢቆረጥ ታጥቦ ዳግም እንዳይሸጥ ይረዳል። ሰብሳቢ በማይደርስበት ገጠር፣ ከውኃ ምንጭና ከመኖሪያ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ተጥሎ አፈር ይለብሳል፤ ቦታውን ለመምረጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ማማከር ይጠቅማል።

የተረፈ መድኃኒት፣ በተለይም ፀረ ተሕዋስያን፣ «ያው ሳል ነው» ተብሎ ለጎረቤት አይሰጥም፤ ወደ መጸዳጃ ቤትም አይደፋም። ከነማሸጊያው ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ተወስዶ የአወጋገዱ መመሪያ ይጠየቃል። ኦክስጅን በቤቱ ሲወስድ የነበረ ታማሚ ካለ፣ ሲሊንደሩ ባዶ ቢመስልም ውስጡ ግፊት ሊኖረው ስለሚችል እንደ ቁርጥራጭ ብረት ለቆራሌ አይሸጥም፤ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ከእሳትና ከዘይት ርቆ ላቀረበው አካል ይመለሳል። በዚህ ክፍል ያልተጠቀሰ ዕቃ ሲያጋጥም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ደውሎ መጠየቅ ይቻላል።