ዘላቂ ደስታ በዕለት ተግባራችን

ደስታን ከበዓልና ከድግስ ብቻ የሚጠብቅ ሰው የዘመኑን አብዛኛውን ቀን ያለ ደስታ ያሳልፋል። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 3 ሰው በድካሙ ፍሬ ደስ መሰኘቱን የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ያስተምረናል። ስለዚህ ዘላቂውን ደስታ በዕለት ተግባራችን ውስጥ ልንፈልገው ይገባል።

ለምሳሌ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ የምትገኘውን ወለቃን እንመልከት። በዚህች መንደር የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ሲቀጠቅጡ፣ ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል። አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ቢሄዱም የሸክላው ሙያ አልጠፋም። ሸክላ ሠሪዋ አፈሩን ወቅጣና ነፍታ ታቦካዋለች፤ በእጇ ቅርጽ ሰጥታ ካደረቀች በኋላ በእሳት ትተኩሰዋለች። ጀበናውና ድስቱ የብዙዎችን ቤት ያገለግላል፤ የድካሟም ትርጉም ይኸው ነው።

ነገር ግን በሸክላዋ እየበሉ ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ የማራቅ ክፉ ልማድ ይህን ደስታ ሲነጥቅ ኖሯል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጌታችን የጠራቢ ልጅ ተብሏል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ወንጌልን ሰብኳል።

እንግዲህ ካህናት አባቶቻችን ስድቡን በዐውደ ምሕረት ይገሥጹ፤ ሰበካ ጉባኤያትም ባለ እጆችን በምክር ያሳትፉ፣ ሥራቸውንም በተገቢው ዋጋ ይግዙ። ወንድሙን እያዋረደ ዘላቂ ደስታን የሚያገኝ የለምና።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን በሙያው ምክንያት ከማኅበር፣ ከጋብቻ ወይም ከማዕድ የተገለለ ማን አለ? ምንስ እናድርግ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።